መምህሩ ማበሻ ጨርቅ ሲታጠቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፣ በጸሎተ ሐሙስ አባቶቻችን ጎንበስ ብለው እግር ሲያጥቡ በየዓመቱ እናያለን። ሥርዓቱ ያልቃል፣ ጉልባናችንን ቀምሰን ወደየቤታችን እንገባለን። የምንባቡን አንድ ነገር ግን ብዙዎቻችን ሳናስተውለው እናልፋለን። ጌታችን «እናንተ መምህርና ጌታ ትሉኛላችሁ» ሲል ማዕረጉን አልሸሸገም፤ «እንዲሁ ነኝና መልካም ትላላችሁ» አለ እንጂ (ዮሐ. 13፥13)። እግር ያጠበው መምህርነቱን ለጊዜው አስቀምጦ አይደለም፤ መምህር እንደ ሆነ ነው።

እኛ ግን ሁለቱን ለያይተናቸዋል። የሚያስተምረው ድምፅ ማጉያ ይይዛል፣ «አገልጋይ» ይባላል። ወንበር የሚደረድረው፣ ድስት የሚያጥበው፣ የታመመ ጎረቤት ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ደግሞ ስሙም አይነሳ።

በከተማችን በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ይኖራሉ። ስማቸውን እንዳልጽፍ ለምነውኛል። ማስተማር የጀመሩት ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር፣ ገና ራሳቸው ተማሪ ሳሉ ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜያቸውን በሙሉ ጠመኔ ከእጃቸው አልተለየም። የአካባቢውን ጥቁር አፈር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ሰኔ ሲገባ ጫማ ያስወልቃል። እኚህ እናት በክፍላቸው በር አንድ ሳፋና አንድ ጆግ ነበራቸው። በጭቃ ተለውሶ የመጣ ሕፃን እግሩን ታጥቦ፣ ደርቆ ነው ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው። ሌላው አስተማሪ «ወጥተህ ተጣጠብ» ብሎ የሚመልሰውን ልጅ እርሳቸው ተንበርክከው ያጥቡት ነበር። የሰፈሩን ነገር ሁሉ የሚያውኩት፣ ጠመኔ እየሰረቁ የሚያስቸግሯቸውም ከዚያ ውኃ አልተከለከሉም። ጌታችንስ አሳልፎ የሚሰጠውን እያወቀ የይሁዳን እግር መቼ ዘለለ?

አሁን ወደ ጴጥሮስ እንምጣ፤ እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ እርሱ ነውና። «የእኔን እግር ለዘላለም አታጥብም» አለ። ይህ ትሕትና ይመስላል፤ ግን ተረጂ መሆን የሚከብደው ሰው ንግግርም ነው። የሌለው ሰው እጁን መዘርጋት እንዴት እንደሚያሳቅቀው ያልቀመሰው አይረዳውም። ስለዚህ ጌታ «ካላጠብሁህ ከእኔ ጋር ዕድል የለህም» ብሎ እስኪገባው ድረስ አነጋገረው፤ አልገፋውም፣ በወንድሞቹም ፊት አላሳፈረው።

መምህርቷ ይህን አውቀውበታል። በ2012 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ምገባ፣ ደብተርና የደንብ ልብስ ማቅረብ ሳይጀምር፣ ደብተር የሌለው ልጅ በየክፍሉ ነበረ። ዓመቱ ሲያልቅ እርሳቸው ተማሪዎች ከጣሏቸው ደብተሮች ያልተጻፈባቸውን ቅጠሎች ይለቅማሉ፣ በወፍራም ክር ይሰፏቸዋል፣ ካላንደር ቆርጠው ሽፋን ያለብሷቸዋል። መስከረም ላይ ግን «ለድኻ» ብለው አይሰጡም። ሽልማት ነው! ጽሑፉ ላማረ፣ በማለዳ ለደረሰ፣ ታናሹን ላልመታ። እንዳይታወቅ ደግሞ አልፎ አልፎ ደኅና ቤት ያለውንም ልጅ ይሸልማሉ። በዚያ ክፍል ማን ችግረኛ እንደ ሆነ ከእርሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ልጁ ራሱ እንኳ ጎበዝ ስለ ሆነ የተሰጠው ይመስለው ነበር። እውነትም ጎበዝ ሆኖ የቀረ አለ።

እኛስ? ወላጅ አልባ ሕፃናትን መድረክ ላይ አሰልፈን፣ ስማቸውን በድምፅ ማጉያ ጠርተን፣ ደብተር ስናስይዛቸው ፎቶ እናነሣለን። «ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ» የተባለው ለማን ነበር? ስጦታው ደርሷል፣ መልካም ነው። ልጁ ግን ያን ፎቶ ዕድሜውን ሁሉ ተሸክሞት ይኖራል። እንዲህ ያለውን ነገር በየማኅበራችን ብናስቀረው ምን ይጎድልብናል?

ትንቢተ ኢሳይያስ 50፥4 ላይ የተማሩትን ምላስ የተሰጠው ሰው ለምን እንደ ተሰጠው ይናገራል፤ የደከመውን በቃል ይደግፍ ዘንድ ነው። እውቀት የተሰጠን ልንኩራራበት ወይም ልንከራከርበት አይደለም። ጥቅሱ «ማለዳ ማለዳ ያነቃኛል» ብሎ ይቀጥላል፤ በዓል ሲመጣ ብቻ አይልም።

መምህርቷ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእድሩ አዳራሽ ፊደል ያላወቁ እናቶችን ያስቆጥራሉ። ከመካከላቸው ውዳሴ ማርያምን በቃላቸው የሚያደርሱ፣ ሀ ግን ብለው የማያውቁ ነበሩ። አንዷ ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ የሚያውቁት ቃል ላይ ሲደርሱ «እዚህ ላይ ነው እንዴ ያለው!» ብለው አዳራሹን አሳቁት።

ትልቁ ችግራቸው ዓይን ነው። መማር ፈልገው ፊደሉ የሚደበዝዝባቸው አሉ። በቤታችሁ በመሳቢያ የተቀመጠ የማንበቢያ መነጽር ያላችሁ ለመምህርቷ አድርሱላቸው፤ ለማን እንደሚስማማ ሞክረው የሚሰጡት እርሳቸው ናቸው። የሰጪ ስም የሚመዘገብበት መዝገብ ግን የላቸውም፤ አትጠይቋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።