የእንፋሎት ግፊት ምንድን ነው?

የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ውስጥ፣ አንድ ቀን ላብራቶሪ (ላብ) ገባን። ሥራው ቀላል ነበር። ውሃ አፍሉ፣ በየደቂቃው ሙቀቱን መዝግቡ፣ ግራፍ ሥሩ። ቴርሞሜትሩ 85፣ 90፣ 91 እያለ ወጣና 92 ላይ ቆመ። ውሃው እየፈላ ነው፤ ቁጥሩ ግን ንቅንቅ አይልም። ተበላሽቷል ብለን ሌላ ቴርሞሜትር አመጣን። እሱም 92። እሳቱን ጨመርን። ያው 92። ከቡድናችን አንዱ ሪፖርቱ ላይ 100 ብሎ ሊጽፍ ሲል የላብ ቴክኒሻኑ ከኋላችን መጡ።

«ልጆች፣ ያያችሁትን ጻፉ» አሉን።

«ጋሼ፣ ውሃ የሚፈላው በ100 አይደል እንዴ?»

«የት አገር?»

መልስ አልነበረንም። 100ን ከታች ክፍል ጀምረን ሸምድደናታል። ከየት እንደመጣች ግን ጠይቀን አናውቅም። የጋሼ ጥያቄ የተመለሰልኝ ፊዚካል ኬሚስትሪ ውስጥ የእንፋሎት ግፊት የሚባለውን ነገር በደንብ ስረዳ ነው።

እስከ ግማሹ ውሃ ያለበት ሃይላንድ ክዳኑ ተዘግቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል እንበል። ከውጭ ሲያዩት ጸጥ ያለ ነው። ውስጡ ግን የገበያ ቀን ይመስላል። የውሃ ሞለኪውሎች ሁሉም እኩል አይፈጥኑም። አንዱ ይዘገያል፣ ሌላው ይከንፋል። ከላይኛው ገጽ ላይ ካሉት መካከል በቂ ጉልበት ያላቸው የጎረቤቶቻቸውን መሳሳብ በጥሰው ይወጣሉ። ትነት ማለት ይኸው ነው። ክዳኑ ክፍት ቢሆን ወጥተው በዚያው ይቀሩ ነበር። የተሰጣ ልብስ የሚደርቀውም እንዲህ ነው። ክዳኑ ሲዘጋ ግን መሄጃ የላቸውም። ከውሃው በላይ ባለው ቦታ ወዲያ ወዲህ ይላሉ፣ ከግድግዳው ይጋጫሉ፣ አንዳንዶቹም ተመልሰው ውሃው ውስጥ ይገባሉ።

መጀመሪያ ላይ የሚወጡት ይበዛሉ። ከላይ እየተጠራቀሙ ሲሄዱ የሚመለሱትም እየበዙ ይመጣሉ። ትንሽ ቆይቶ በየሴኮንዱ የሚወጣውና የሚገባው እኩል ይሆናል። መምህራን ዳይናሚክ ኢኩሊብሪየም የሚሉት ይህንን ነው። እንቅስቃሴው አልቆመም፤ ወጪና ገቢው ተካክሶ ነው። በዚህ ሰዓት የተጠራቀመው እንፋሎት ብቻውን ዙሪያውን የሚገፋበት ግፊት የዚያ ፈሳሽ የእንፋሎት ግፊት ይባላል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ጥያቄው እንዲህ ነው። ሁለት የተዘጉ ጠርሙሶች አሉ። አንዱ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው፤ ሌላው ውስጥ ያለው ሁለት ማንኪያ ውሃ ነው። ሙቀታቸው አንድ ነው። የእንፋሎት ግፊቱ የሚበልጠው የትኛው ነው? እጃችን ወዲያው ወደ ብዙው ውሃ ይጠቁማል። መልሱ ግን እኩል ናቸው ነው። የውሃው ገጽ ሰፊ ከሆነ የሚወጡት ይበዛሉ፤ በዚያው ልክ የሚመለሱበትም በር ሰፍቷል። ሚዛኑ የሚያርፍበት ቦታ አይለወጥም። የውሃው ብዛት፣ የዕቃው ቅርጽ፣ የቦታው ስፋት ለውጥ አያመጣም። ጥቂትም ቢሆን ፈሳሽ እስካለ ድረስ ግፊቱን የሚወስኑት የፈሳሹ ዓይነትና ሙቀቱ ናቸው።

የፈሳሹ ዓይነት ስል፣ በ25 ዲግሪ ላይ የውሃ የእንፋሎት ግፊት 3.2 ኪሎፓስካል (የግፊት መለኪያ) ገደማ ነው። የኢታኖል፣ ማለትም የአልኮል፣ 7.9 ነው። ዳይኢታይል ኢተር የሚባለው ቶሎ የሚተን ፈሳሽ ደግሞ 71 አካባቢ ይደርሳል። የኢተር ጠርሙስ ገና ሲከፈት ሽታው ክፍሉን የሚያጥለቀልቀው ለዚህ ነው። የውሃ ሞለኪውሎች ግን ሃይድሮጅን ቦንድ በሚባል ጠንካራ መሳሳብ ጥብቅ ብለው ስለሚያያዙ ማምለጥ ይከብዳቸዋል።

የሙቀት ጉዳይ ግን ከሁሉም ይገርመኛል። ውሃ በ20 ዲግሪ የእንፋሎት ግፊቱ 2.3 ኪሎፓስካል ነው። በ60 ዲግሪ 20 ይሆናል። በ80 ወደ 47 ይወጣል። በ100 ደግሞ 101.3። ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ ወደ ላይ የሚሽቀዳደም ነው። ሙቀቱ ትንሽ ሲጨምር የማምለጫ ጉልበት ያላቸው ሞለኪውሎች ቁጥር በብዙ ያድጋል።

አሁን ወደ መፍላት እንምጣ። ትነት ከላይኛው ገጽ ብቻ ነው፤ በማንኛውም ሙቀት ይካሄዳል። መፍላት ግን በውሃው ሆድ ውስጥ አረፋ መፈጠር ነው። አረፋውን ከውስጥ የሚነፋው የውሃው የራሱ እንፋሎት ነው። ከላይ ደግሞ አየሩ በሙሉ ክብደቱ ይጫነዋል። የእንፋሎት ግፊቱ ከአየሩ ግፊት ካነሰ አረፋው ገና ሲፈጠር ይደፈጠጣል። እኩል የሆነ ቀን ግን ይቆማል፣ ያድጋል፣ ወደ ላይ ይወጣል። ነጥበ ፍሌት ማለት የፈሳሹ የእንፋሎት ግፊት ከውጭው ግፊት ጋር እኩል የሚሆንበት ሙቀት ነው። እሳት ስንጨምር ቴርሞሜትሩ ያልተነቃነቀውም ለዚህ ነበር። ተጨማሪው ሙቀት ውሃውን አላሞቀውም፤ ሞለኪውሎችን ፈትቶ ለመልቀቅ ዋለ። ለ1 ሞል ውሃ፣ ማለትም ለ18 ግራም፣ 40.7 ኪሎጁል ይፈልጋል።

ስለዚህ 100 የውሃ ብቻ ቁጥር አይደለችም። የውሃና የባሕር ጠለል አየር የጋራ ቁጥር ናት። አዲስ አበባ 2,355 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከራሳችን በላይ ያለው አየር ስለሚያንስ ግፊቱ 76 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው። ራስ ዳሸን ጫፍ ላይ ውሃ 85 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል፣ እዚያ ንጹህ ውሃ ለመፍላት ከ100 ትንሽ አለፍ ይላል።

ይህንን በካልኩሌተር ማየት ይቻላል። ፈረንሳዊው ክላፔሮን በ1834 የጀመረውን፣ ጀርመናዊው ክላውዚየስ በ1850 ያጠናከረውን፣ የእንፋሎት ግፊትንና ሙቀትን የሚያገናኘውን ቀመር እንጠቀም። 76ን ለ101.3 አካፍሉና ናቹራል ሎጉን ውሰዱ። ኔጌቲቭ 0.287 ይመጣል። የጋዝ ቋሚ ቁጥር በሚባለው በ8.314 አባዙት፣ ለ40,700 (ያው 40.7 ኪሎጁል፣ በጁል) አካፍሉት። 100 ዲግሪ ሴልሺየስ በኬልቪን መለኪያ 373.15 ነው፤ 1ን ለ373.15 አካፍሉና ከውጤቱ ላይ ቅድም ያገኛችሁትን ቀንሱ። ከዚያ መልሱን ገልብጡት። 365.15 ኬልቪን። 273.15 ሲቀነስ ልክ 92 ዲግሪ። በኬልቪን ፋንታ ሴልሺየስ ካስገባችሁ ግን መልሱ ገደል ይገባል፤ ፈተና ላይ ብዙ ነጥብ የሚበላው ይህ ነው። እኔ ይህችን 92 ያገኘሁት ዶርም ውስጥ፣ ማታ፣ ሃንድአውት ላይ ተደፍቼ ነው። የላቡ ቁጥር በወረቀት ላይ ሲወጣልኝ የተሰማኝን ደስታ ዛሬም አስታውሰዋለሁ።

ማእድ ቤት ውስጥም ይኸው ነው። የአዲስ አበባ ጀበና በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ንፍሮ ደግሞ ጊዜ ይፈጃል። እሳት ማብዛት ውሃውን ቶሎ ያደርቀዋል እንጂ ባቄላውን ከ92 በላይ አያሞቀውም። ዴኒ ፓፓን የሚባል ፈረንሳዊ በ1679 መላ አበጀለት፤ ድስቱን አጥብቆ ዘጋው። እንፋሎቱ ሲታፈን ከላይ የሚጫነው ግፊት ይጨምራል፣ ውሃው ለመፍላት የሚያስፈልገው ሙቀትም ይጨምራል። ክዳኑ ከውጭው አየር በላይ አንድ አትሞስፌር (101.3 ኪሎፓስካል) የሚይዝ ፕሬዠር ኩከር አዲስ አበባ ላይ ወደ 117 ዲግሪ ይደርሳል። 92 እና 117 ለባቄላ ሰፊ ልዩነት ነው።

ክዳኑን በጉልበት መክፈት አደገኛ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግፊቱ በአንዴ ወደ 76 ሲወርድ፣ በ117 ያለው ውሃ ድንገት ከነጥበ ፍሌቱ 25 ዲግሪ በላይ ሆኖ ይገኛል። ያን ጊዜ በሙሉ ሆዱ ይፈላል፣ ወጡን ይዞ ይወጣል። እናቶች ከእሳት አውርደው ክዳኑ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱ አይታችሁ ይሆናል። ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙት። ብርዱ እንፋሎቱን ወደ ውሃ ይመልሰዋል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ነጥበ ፍሌቱም አብሮ ይወርዳል። ከታች እሳት የለም። ከላይ የቧንቧ ውሃ ይወርዳል። ውስጡ ግን እንደገና ይንተከተካል።