መስከረም ላይ የታቀደው ጥቅምት ላይ ለምን ይቀራል? ስለ ግብ የሚነገሩ ስህተቶች

በመስከረም «ዘንድሮስ!» ያላለ የለም። ጥቅምት ሳይጋመስ ዕቅዱ ሲቀር ግን ጥፋቱ ሁሉ የስንፍና አይደለም፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር የኖረው ምክርም የራሱ ድርሻ አለው።

«ማንኛውም ነገር በ21 ቀን ልማድ ይሆናል»

ቁጥሩ የመጣው ማክስዌል ማልትዝ ከተባለ አሜሪካዊ የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ታካሚዎቹ አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚወስድባቸው ጻፈ። «ቢያንስ» የምትለው ቃል መንገድ ላይ ቀረችና የመልኩ ጉዳይ ለማለዳ ሩጫም ሕግ ሆነ።

በለንደን ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንታት ተከታትለው ነበር። አንድ ድርጊት ሳይታሰብ እስኪደረግ ድረስ የሚወስደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ሆኖ ተገኘ፤ በስሌታቸው መሠረት ከሰው ሰው ከ18 እስከ 254 ቀን ይለያያል። ውሃ መጠጣት ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። አንድ ቀን መዝለልም ብዙ አልጎዳም። ስለዚህ በ22ኛው ቀን መነሣት አሁንም ከከበደዎት የተበላሸ ነገር የለም።

«ዋናው መጻፉ ነው»

እ.ኤ.አ. በ1953 ከዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ግባቸውን የጻፉት 3 በመቶዎቹ ከ20 ዓመት በኋላ ከቀሩት 97 በመቶ በሀብት በለጡ ይባላል። እንዲህ ያለ ጥናት ተደርጎ አያውቅም።

መጻፍ አይከፋም፤ ቁም ነገሩ የሚጻፈው ነው። «ዘንድሮ ገንዘብ እቆጥባለሁ» ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ከጌጥነት አያልፍም። «እስከ ነሐሴ 30 ድረስ 60,000 ብር» ከተባለ በወር 5,000 ብር ነው፤ ጳጉሜን ለጉድለት ማሟያ ትቆይ። ቀጥሎ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ፒተር ጎልቪትዘር ያጠናውን «እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ» የሚል አጻጻፍ ይጨምሩበት፦ «ደመወዝ በገባ ቀን፣ ከቢሮ ሳልወጣ፣ በስልኬ 5,000 ብር ወደ ቁጠባ ሂሳብ አስተላልፋለሁ።» እንቅፋቱም በዚያው ይጻፍ፦ «ሠርግ ወይም ለቅሶ ቢመጣ 2,000 አስገባለሁ፤ የጎደለውን 3,000 በሚቀጥሉት ሦስት ወራት አንድ አንድ ሺህ እየጨመርኩ እሞላለሁ።» ይህ ካልተጻፈ የመጀመሪያው ለቅሶ ዕቅዱንም ይዞት ይሄዳል።

ዕቁብ ብዙ ሰው ያስቆጠበው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀኑ የታወቀ ነው፣ ያልከፈለም ይታያል። ችግሩ ዕጣው ነው። ለመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ የታሰበ ገንዘብ ኅዳር ላይ ሊወጣ ይችላል። ቀን የተቆረጠለት ወጪ ካለብዎት ወይ ከዳኛው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ፣ ወይ ያን ያህሉን ባንክ ያስቀምጡ።

«የተቻለኝን አደርጋለሁ»

ትሕትና ይመስላል፤ ግን መቼ እንደተሳካ የሚለይበት መንገድ የለውም። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ሌተም ለአሠርት ዓመታት ባጠኑት መሠረት ልኩ የታወቀና ጠንከር ያለ ግብ «የተቻለህን አድርግ» ከሚለው የተሻለ ውጤት ያመጣል። ለጀማሪ ግን ሌላ ነው፦ ሥራውን ገና ያልለመደ ሰው በቁጥር ከሚሮጥ መጀመሪያ አሠራሩን መማርን ግብ ቢያደርግ ይሻለዋል።

«ስኬቱን በዓይነ ሕሊናህ ሳል»

ገብርኤለ ኧቲንገን ክብደት ለመቀነስ ፕሮግራም የገቡ ሴቶችን ስታጠና፣ ቀጥነው የሚታዩበትን ቀን አሳምረው የሚያልሙት የቀነሱት ያነሰ ነበር። ሕልሙ ያረካል፤ የረካ ደግሞ አይነሣም።

«ስንት ቀን እንደሚፈጅብኝ አውቃለሁ»

እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣ የካናዳ ጥናት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በ34 ቀን ገደማ እንደሚጨርሱ ገመቱ። ሁሉ ነገር ቢበላሽስ ሲባሉ 49 ቀን ገደማ አሉ። የፈጀው ከ55 ቀን በላይ ነው፤ ክፉውን አስበው የገመቱት እንኳ አልበቃም። ስለዚህ «ይህ ስንት ቀን ይፈጅብኛል?» ሳይሆን «ባለፈው ይህን የመሰለ ሥራ ስንት ቀን ፈጀብኝ?» ብለው ይጠይቁ፤ ቀጠሮውንም በዚያ ልክ ይያዙ።