አይኤንአር ምንድን ነው? የልብ ቫልቭ፣ ስትሮክና አንድ ቁጥር

“ቫልቩ ተቀይሯል፣ ኦፕራሲዮኑም ተሳክቷል ተብያለሁ። ታዲያ በየወሩ ደም ተመርመር የምባለው ለምንድን ነው?”

ባሕር ዳር ውስጥ ፋርማሲ ለሚሠራ ሰው ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ጠያቂውም አይፈረድበትም። ቀዶ ሕክምናው ከረጅም ወረፋ በኋላ፣ ብዙ ጊዜም ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ የተገኘ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ኑሮ ግን በጥድፊያ ይነገራል።

መልሱ አይኤንአር የሚባል ቁጥር ነው። ደም ለመርጋት ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት ያሳያል። መድኃኒት የማይወስድ ጤነኛ ሰው ቁጥሩ 1 አካባቢ ነው። 2.5 ከሆነ፣ በግርድፉ፣ ደሙ ለመርጋት ከሌላው ሰው ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ጊዜ ይፈጅበታል። ቫልቭ ያስቀየረ ሰው ደሙ እንዲህ እንዲዘገይ የሚፈለገው በስትሮክ ምክንያት ነው።

ልብ አራት ቫልቮች አሉት። የአኦርታ ቫልቭ ደም ከግራው የልብ ክፍል ወደ መላው ሰውነት በሚወጣበት በር ላይ ነው። ጨረጨራን ያየ የባሕር ዳር ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል፤ የጣና ውሃ ወደ ዓባይ የሚለቀቀው እዚያ ባሉት በሮች በኩል ነው። የልብ በር ግን በቀን 100 ሺህ ጊዜ ያህል ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሲታመም ወይ ይጠባል፣ ወይ ደም ወደ ኋላ ያፈሳል። አውሮፓና አሜሪካ ዋናው ምክንያት እርጅና ነው፤ ቫልቩ ላይ ካልሲየም ይጠራቀማል። እኛ ጋ ግን ብዙውን ጊዜ ጣጣው የሚጀምረው በልጅነት፣ በደንብ ሳይታከም ከቀረ የባክቴሪያ ቶንሲል ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ሲዋጋ የራሱን የልብ ቫልቭ አብሮ ይጎዳል። ሩማቲክ የልብ ሕመም የሚባለው ይህ ነው። ለዚህም ነው አገራችን ውስጥ ቫልቭ የሚያስቀይረው ሰው ብዙ ጊዜ ወጣት የሆነው።

የታመመ ቫልቭ ራሱም ስትሮክ ሊያመጣ ይችላል። ከላዩ ቁራጭ ነገር ሊነሳ፣ ኢንፌክሽን ሊይዘው፣ የልብ ምት መዛባትም ሊከተል ይችላል። መቀየሩ ግን አደጋውን አይሰርዘውም፣ መልኩን ይለውጠዋል።

የሚተከሉት ቫልቮች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ከእንስሳ የሚሠራ ነው፤ ከአሳማ ቫልቭ ወይም ከከብት የልብ ሽፋን። (አሳማ ሲባል ፊቱን የሚያጨፈግግ አይጠፋም፤ የከብቱም አለ።) ይህኛው ዕድሜ ልክ የደም ማቅጠኛ ላያስፈልገው ይችላል፣ ግን ያረጃል። ወጣት ላይ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ሁለተኛው ከልዩ ካርቦንና ከብረት የሚሠራው ሜካኒካል ቫልቭ ነው። ለአሥርት ዓመታት ይሠራል። ችግሩ ደም ካርቦንና ብረትን እንደ ባዕድ ማየቱ ነው። ላዩ ላይ መርጋት ይጀምራል። የረጋው ተቆርሶ ከተነሳ፣ ከአኦርታ ወደ ጭንቅላት ያለው መንገድ አጭር ነው። አንጎል ውስጥ የደም ሥር ሲዘጋ ስትሮክ እንለዋለን።

እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመ ሰፊ ጥናት ቁጥሩን እንዲህ አስቀምጦታል። ሜካኒካል ቫልቭ ኖሯቸው ምንም መድኃኒት ከማይወስዱ 100 ሰዎች መካከል በዓመት 4 ያህሉን የረጋ ደም አንጎላቸውን ወይም ሌላ አካላቸውን ክፉኛ ይጎዳዋል። እንደ ዋርፋሪን ያለውን የደም ማቅጠኛ ክኒን ከሚወስዱት ግን 1 ያህሉን ብቻ። በዓመት ነው እንግዲህ። የ25 ዓመት ልጅ ስንት ዓመት ከፊቱ እንዳለ አስቡት።

ዋርፋሪንን ጎግል አድርገው “የአይጥ መርዝ ነው እንዴ?” ብለው የሚደነግጡ አሉ። አዎ፣ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የተበላሸ ድርቆሽ የበሉ ከብቶች እየደሙ ይሞቱ ነበር። ከዚያ ምርምር የተገኘው ዋርፋሪን በ1948 ለአይጥ ገበያ ወጣ። በ1954 ለሰው ተፈቀደ። በቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲያማቸው ተሰጣቸው። ልዩነቱ መጠኑ ላይ ነው፤ መጠኑን የሚነግረን ደግሞ አይኤንአር ነው።

መድኃኒቱ የደምን መጠን አይቀንስም፤ “ደሜን ጨረሰው” የሚሉ ስላሉ ነው ይህን የምለው። የሚያደርገው ሌላ ነው። ጉበት ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖችን የሚሠራው በቫይታሚን ኬ ነው። ዋርፋሪን ይህን ሥራ ያዘገየዋል።

ቫይታሚን ኬ በብዛት የሚገኘው ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ውስጥ ነው። አሁን የጾም ነገር መጣ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ከቅዳሜ ገበያ ጎመኑ በእስር በእስር ይገባል፣ ምሳም እራትም እሱ ይሆናል። ቫይታሚን ኬው ይጨምራል፣ አይኤንአሩ ይወርዳል፣ ደሙ በቀላሉ ይረጋል። ፋሲካ ሲገባ ጎመኑ በአንድ ሌሊት ይቀራል። ዶሮ ወጥ ይተካል፣ ጠላውና አረቄውም ይከተላል። ያኔ ቁጥሩ ሽቅብ ይወጣል፤ መድማትም ይመጣል። ሰውየው ክኒኑን አንድ ቀን ሳያጓድል፣ ሳያዛባ ማለት ነው።

አንዳንድ ባለሙያ ነገሩን ለማቅለል “ጎመን አትብላ” ይላል። እኔ አልስማማም። ሲጀመር ጾመኛ ምን ሊበላ ነው? ደግሞም ቫይታሚን ኬ ጭራሽ የማያገኝ ሰው ቁጥሩ ለትንሽ ነገር ይዋዥቃል። የሚሻለው በሳምንት የሚበላውን መጠን ተቀራራቢ ማድረግ ነው። ጾም ሲገባና ሲፈታ ለሐኪሙ ተናግሮ፣ ከሳምንት በኋላ መመርመር። የጣና ቆሮሶና አምባዛ ለዚህ ቁጥር ስጋት አይደሉም። ክኒኑ በቀን አንዴ፣ ብዙ ጊዜ ማታ ስለሚወሰድ ከጾም ሰዓት ጋርም አይጣላም። ማታ ከተረሳና በዚያው ሌሊት ከታወሰ ይወሰዳል። ነግቶ ከሆነ ግን ደርቦ መዋጥ የለም።

ከጎመን የከፋው ሌላ መድኃኒት ነው። አንድ ከዘጌ በጀልባ የመጣ ወጣት ባንኮኒው ላይ የዋርፋሪን ማዘዣ አስቀመጠና፣ “ዶክተር፣ ሜትሮም ጨምርልኝ፣ አሜባ ተነስቶብኛል” አለኝ። ሰገራ ተመርምረሃል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። “ኧረ አላስፈለገም፣ ሆዴን ነፍቶኛል እኮ” አለ። የአይኤንአር መከታተያ ደብተሩን ሳየው የቅርብ ጊዜ ውጤቱ 2.6 ነው፤ ሸጋ ቁጥር። “ወንድሜ፣ ሜትሮውን ከዚህ ጋር ብትውጠው ይህ ቁጥር በቀናት ውስጥ ከእጥፍ ሊያልፍ ይችላል” አልኩትና መጀመሪያ እንዲመረመር ላክሁት። አሜባ አልተገኘበትም። ሜትሮኒዳዞል ዋርፋሪንን ያጠነክራል። አንቲባዮቲኮቹ ኮትሪሞክሳዞልና ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ የፈንገሱ ፍሉኮናዞልም እንዲሁ። የቲቢው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ያዳክመዋል። የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ጨጓራን ለመድማት ያጋልጣሉ። አስፈላጊ ሲሆኑ የሚታዘዙ አሉ፤ ግን ሐኪሙ እያወቀና አይኤንአር ቶሎ ቶሎ እየታየ ነው።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ደሙ ሰማያዊ ክዳን ባለው ብልቃጥ ይቀዳል። ውስጡ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ፈሳሽ ስላለ፣ ደሙ እስከ መስመሩ መሙላት አለበት። ከጎደለ ፈሳሹ ይበዛና ቁጥሩ በሐሰት ከፍ ብሎ ይወጣል። ያልተጠበቀ ከፍተኛ ውጤት ከመጣ አንድ ጊዜ ማስደገም ነውር የለውም። ላብራቶሪው ደሙ የረጋበትን ሰከንድ ይቆጥራል፤ ሰከንዱ ግን እንደ ኬሚካሉ ይለያያል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1983 አይኤንአርን ያስተዋወቀው ይህን ለማስተካከል ነው። ስለዚህ የባሕር ዳሩ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ውጤት ከአዲስ አበባው ጋር ይነጻጸራል።

ዒላማው እንደየሰው ይለያያል። ዘመናዊ ሜካኒካል ቫልቭ አኦርታ ላይ ብቻ ላለው፣ ሌላ የሚያሰጋ ነገር ለሌለበት ሰው በተለምዶ ከ2 እስከ 3 ነው። ሚትራል የሚባለው ሌላው የልብ ቫልቭ ቦታ ላይ ከሆነ ወይም የልብ ምት መዛባት ካለ ከ2.5 እስከ 3.5 ይደረጋል። የጎረቤትን ቁጥር መዋስ አይሠራም።

ሰው የሚፈራው የቁጥሩን ከፍ ማለት ነው። ድድ ሲደማ ይታያል፣ ነስር ይታያል። ስለዚህ በራሱ ክኒኑን በምላጭ ከፍሎ ግማሹን ይውጣል። 1.4 ላይ ያለ ሰው ግን ምንም አይሰማውም፤ ደህና ነኝ ብሎ ሥራውን ይሠራል። ቀድሞ የሚያስጠነቅቅ ምልክት ሳይኖር አንድ ጠዋት ፊቱ ወደ አንድ ጎን ይጣመማል፣ አንድ እጁ ይዝላል፣ ንግግሩ ይተሳሰራል። በጣም ከፍ ያለ አይኤንአርም አንጎል ውስጥ ደም በማፍሰስ ስትሮክ ያመጣል። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው። የሚለያቸው ሲቲ ስካን ነው። እንዲህ የሆነን ሰው ቤት ውስጥ አስፕሪን ማዋጥ ስለዚህ አደገኛ ነው። “ምች ነው፣ እስኪ ይደር” ማለትም እንደዚያው። ጠበሉ አይከለከልም፣ ግን ቅድሚያ ሆስፒታል፤ ሰዓቱ ውድ ነው።

ሜካኒካል ቫልቭ ያለው ሰው ሌሊት ጸጥ ሲል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከደረቱ ይሰማል። ያ ድምፅ ከታፈነ ወይም ከጠፋ፣ በተለይ ትንፋሽ ካጠረ፣ ቫልቩ ላይ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላልና ቀጠሮ አይጠበቅም።

ምርመራ የማይጠይቁ አዳዲስ ክኒኖች የሉም ወይ? አሉ፤ ለሜካኒካል ቫልቭ ግን አይሆኑም። ከእነሱ አንዱ ዳቢጋትራን ሜካኒካል ቫልቭ ባላቸው ሰዎች ላይ ሲሞከር ስትሮክም መድማትም ስለበዛ ጥናቱ ተቋረጠ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። ከውጭ ዘመድ “ዘመናዊ ነው” ብሎ ቢልክም ሐኪም ሳያይ አይቀየርም።

ሴቶች ልጅ ሲያስቡ ቀድመው መናገር አለባቸው። ዋርፋሪን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ጽንስን ሊጎዳ ይችላል፤ መድኃኒቱን በድንጋጤ ማቆም ደግሞ እናትየውን ይጎዳል። አማራጩን ሐኪሙ ያዘጋጃል። ጥርስ ለማስነቀልም ቢሆን በራስ ማቆም የለም፤ ቁጥሩ ልኩ ላይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ሳይቋረጥ ይነቀላል። ታካሚው ወንበሩ ላይ ከመቀመጡ በፊት የጥርስ ሐኪሙ ደብተሩን ይየው፤ የቫልቩ ዓይነት፣ ቦታው፣ ዒላማው፣ የክኒኑ መጠንና የመጨረሻው አይኤንአር ከነቀኑ ተጽፎበት።