ዕቃ ቤት ምንድን ነው?

በመኖሪያ ቤታችን ዕቃ ቤት ስንል ምጣዱ፣ ጆንያው፣ እግሩ የተሰበረው ወንበር የሚከማችበትን ጠባብ ክፍል ማለታችን ነው። በጣና ገዳማት ግን ዕቃ የሚባለው ንዋየ ቅድሳቱ ነው፦ መስቀሉ፣ ጽንሐው፣ ጻሕሉና ጽዋው፣ የብራና መጻሕፍቱ፣ ነገሥታት ለስእለት የሰጧቸው ዘውዶችና ካባዎች። ዕቃ ቤት እነዚህ ሁሉ የሚጠበቁበት ቤት ሲሆን ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያኑ ጎን ለብቻው ይቆማል። ለክብረ በዓል የሚያስፈልገው ከዚያ ወጥቶ ይመለሳል፤ የቀረው ከዓመት ዓመት በጨለማ ይኖራል።

ባሕር ዳር ውስጥ ጎብኚዎችን በጀልባ የሚወስዱ ሰዎች «ሙዚየም» ይሉታል። ለእንግዳ ለማስረዳት ይቀላቸዋል፤ እኔ ግን ቃሉን አልወደውም። ሙዚየም የሚሰበስበው ለማሳየት ነው። የጣና ዕቃ ቤት የሰበሰበው ለመሸሸግ ነው፤ ያን ያህል የሞላውም በክፉ ቀን ነው።

ለምን ጣና? ሐይቁ ሠላሳ ሰባት ያህል ደሴቶች አሉት ይባላል። ከዳር ቆሞ ደሴቱን ማየት ይቻላል፤ ፈረስ ግን አይደርስበትም። መሻገሪያው ከደንገል የሚታሰር ታንኳ ነበር። ታንኳ ጥቂት ሰው ብቻ ይይዛል፤ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከየጉዞው በኋላ ወደ ዳር ተስቦ ፀሐይ ላይ መድረቅ አለበት፤ ያም ሆኖ በወራት ውስጥ ይበሰብሳል። ሠራዊት በዚህ ተጭኖ እንዴት ይሻገራል? ታንኳዎቹን ሁሉ ወደ ደሴቱ የሳበ መነኩሴ በሩን ዘጋ ማለት ነው።

በ1521 ዓ.ም. የዐፄ ልብነ ድንግል ሠራዊት ሽምብራ ኩሬ ላይ በአዳሉ ኢማም አሕመድ ኢብራሂም (በግራኝ) ከተሸነፈ በኋላ፣ ጦርነቱ ደጋውን አገር ከዳር እስከ ዳር አዳረሰው። ካህናት ታቦትና መጽሐፍ ተሸክመው ወደ ዋሻ፣ ወደ አምባ፣ ወደ ደሴት ሸሹ። ያ ጦርነት ያበቃው ከጣና በስተምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ፣ በ1535 ዓ.ም. ኢማሙ ሲወድቁ ነው። ከዚያም በኋላ መሸሽ አልቀረም፤ በ1880 ዓ.ም. ከሱዳን የመጣው የድርቡሽ ጦር ጎንደርን ሲያቃጥል እንደገና ወደ ውኃው ተሸሸ። እዚህ ላይ ሁልጊዜ የማስበው ነገር አለ። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ያሰባሰቧቸው መጻሕፍት መቅደላ አምባ ላይ ነበሩ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲይዝ በመቶዎች የሚቆጠሩ ብራናዎች ባሕር ተሻገሩ። በደሴቶቹ ዕቃ ቤቶች የነበሩት እዚያው ቀሩ።

ስለዚህ በዕቃ ቤት ውስጥ ዘመን የሚቆጠረው በጦርነት ነው። አባቶች አንድን ዕቃ ሲያሳዩ «በግራኝ ጊዜ የመጣ»፣ «በድርቡሽ ጊዜ የተሸሸገ» ይላሉ። ዓመተ ምሕረቱን አይጠሩም፤ የሚያስታውሱት የተሸሸበትን ቀን ነው።

የጣና እንቆቅልሽ የሚባለውም ከዚሁ ይመነጫል። የአርኪዮሎጂ ባለሙያ አንድን ገል ወይም ሳንቲም የሚያነበው ከተቀበረበት አፈር ጋር ነው፤ ከላዩ ምን ነበር፣ ከሥሩ ምን ነበር እያለ ዘመኑን ያወጣል። በታንኳ ተጭኖ የመጣ ዘውድ ግን አፈር የለውም። የቆመበት መደርደሪያ የት እንደተሠራ አይናገርም። ዳጋ እስጢፋኖስ ከነገሥታት አጽም ጋር እንዲሁ ነው፦ ዐፄ ይኩኖ አምላክ፣ ዐፄ ዳዊት፣ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዐፄ ዘድንግልና ዐፄ ፋሲል እዚያ እንዳረፉ ገዳሙ ይናገራል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አራት መቶ ዓመት የሚጠጋ ልዩነት ያላቸው ነገሥታት በአንድ ደሴት ተገናኙ። ዳጋ ሴት አይገባበትምና እኔ ያየሁት ከጀልባ ላይ ነው፤ ያ ደን የለበሰ ጉብታ ከሩቅም ቢሆን ዝም ያሰኛል። ጣና ቂርቆስ ላይ ደግሞ ጫፋቸው የተቦረቦረ የድንጋይ ምሰሶዎች አሉ፤ አባቶች የኦሪቱ መሥዋዕት ደም የሚፈስባቸው እንደነበሩና ታቦተ ጽዮንም ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት እዚያ እንደቆየች ያስተምራሉ።

ታዲያ አፈር የሌለው ዕቃ በምን ይነበባል? ዘጌ ላይ ባለ አንድ ገዳም መልሱን አየሁት። «ይፍቱኝ አባ» ብዬ ተሳለምኩ፤ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ከግድግዳው ላይ የቆዳ ማኅደር አወረዱ። ወንጌሉን አውጥተው በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ገለጡልኝ። ሥዕሉን የሚያሳዩኝ መስሎኝ ነበር፤ እርሳቸው ግን ጣታቸውን ያሳረፉት ባዶ ተትቶ በነበረ ገጽ ላይ ነው። ሌላ እጅ፣ ደብዘዝ ባለ ቀለም፣ ግእዝና አማርኛ እየቀላቀለ የገዳሙን ንብረት መዝግቦበታል፦ ይህን ያህል መስቀል፣ ይህን ያህል ድባብ፣ የሰጪው ስም፣ ምድሩ ከየት እስከ የት። ሰነድ ማኖሪያው ወንጌል ነበርና። መጨረሻው ላይ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን» ይላል፤ የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን። «የፋቀው» የተባለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብራና ላይ ያለ ጽሑፍ በምላጭ ይፋቃል። አባ ጣታቸውን ወደ አንድ ቦታ ወሰዱ። ሁለት መስመር ያህል ተፍቆ ሻክሯል፤ ስም ነበረበት፣ አሁን የለም።

የዕቃ ቤት አፈሩ ይህ የዳር ጽሑፍ ነው። ዕቃው ከማን እንደመጣ፣ በየትኛው ንጉሥ ጊዜ፣ በየትኛው ሽሽት፣ የሚያውቀው እርሱ ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚያው ሳምንት ባሕር ዳር ውስጥ ስጦታ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ገባሁ። ከግድግዳው ላይ አንዲት የብራና ቅጠል በመስታወት ፍሬም ውስጥ ተሰቅላለች፤ ብቻዋን፣ መጽሐፏ የሌለ። ቀረብ ብዬ ዳርና ዳሯን ፈለግሁ። ከፍሬሙ ልክ ጋር እንድትገጥም በአራቱም ጎን ተቆርጣለች።