«ወፍራም ሰው ኩላሊት አይተከልለትም» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

አክስቴ የምትኖረው አሜሪካ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ታደርጋለች፤ በእያንዳንዱ ጊዜ አራት አራት ሰዓት። ኩላሊቱን ሊሰጣት የተዘጋጀ ወንድም አላት፤ ምርመራቸውም ተስማምቷል። የሄደችበት ሆስፒታል ግን «መጀመሪያ 30 ኪሎ ቀንሺ» ብሎ መለሳት። ከዚያ ወዲህ በቤተሰባችን የስልክ ወሬ ስለ ውፍረት፣ ስለ ንቅለ ተከላና ሐኪሞች ኩላሊት ለመትከል ስለሚጠቀሙበት ሮቦት ያልተባለ ነገር የለም። ብዙው ስህተት ነው። ስህተቱ ደግሞ ሰውን ተስፋ ያስቆርጣል። ስለዚህ የሰማሁትን አንድ በአንድ ላንሳው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ወፍራም ሰው ኩላሊት አይተከልለትም»

ይተከልለታል። ሐኪሞች ውፍረትን የሚለኩት በአብዛኛው በቢኤምአይ ነው። ክብደት በኪሎ ተወስዶ፣ በሜትር የተለካ ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው ቁጥር ይካፈላል። ቁመቷ 1.65 ሜትር፣ ክብደቷ 110 ኪሎ የሆነች ሴት ቢኤምአይዋ 40 ገደማ ነው። ከ30 በላይ ከሆነ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ይባላል።

ብዙ የንቅለ ተከላ ማዕከሎች 35 ወይም 40 ላይ መስመር ያሰምራሉ። ይህን መስመር የሚያሰምረው ግን እያንዳንዱ ማዕከል ለራሱ ነው። ሕግ አይደለም። አንዱ «አይሆንም» ያላትን ሴት ሌላው ሊቀበላት ይችላል። ኬዲጎ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና መመሪያ አውጪ ድርጅትም በ2020 ባወጣው መመሪያ ታካሚዎች በውፍረታቸው ምክንያት ከንቅለ ተከላ ባይገለሉ ይሻላል ብሏል።

ሐኪሞቹ በባዶ ሜዳ አልፈሩም። በወፍራም ሰው ላይ ቁስሉ የመመርቀዝ፣ አዲሱ ኩላሊትም ሥራ ለመጀመር የመዘግየት ዕድሉ ከፍ ይላል። ግን ማወዳደር ያለብን ከማን ጋር ነው? ከቀጭን ታካሚ ጋር ሳይሆን፣ ያው ሰው ዳያሊሲስ ላይ ቢቆይ ከሚደርስበት ጋር ነው። በ2013 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ይህንኑ አየ። ቢኤምአይያቸው ከ40 በላይ የሆኑ ሰዎችም እንኳ ከተተከለላቸው በኋላ የመሞት አደጋቸው፣ ወረፋ ይዘው ከሚጠብቁት መሰሎቻቸው ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኝቷል።

«ክብደት መቀነስ የቁርጠኝነት ጉዳይ ነው»

ይህን የሚሉ ሰዎች አንድ ቀን ዳያሊሲስ ክፍል ገብተው ቢያዩ ደስ ይለኛል። አክስቴ ከማሽኑ ስትነሳ ደረጃ ለመውጣት እንኳ አቅም የላትም። በማግስቱ ትንሽ ትሻላለች፤ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ተመልሳ ማሽኑ ላይ ናት። ስፖርቱን መቼ ትሥራው? ምግቡም እንደ ጤነኛ ሰው አይደለም። «አትክልትና ፍራፍሬ አብዢ» ስትሏት፣ የታመመ ኩላሊት በደንብ የማያስወጣው ፖታሲየም ይከለክላታል። «ባቄላና ምስር» ስትሏት እንደዚያው ፎስፈረሱ አለ። ሚዛኑ ላይ ከሚታየው ኪሎም ከፊሉ ያልወጣ ውኃ ሊሆን ይችላል።

መቀነስ ለቻለ ሰው መልካም ነው። የሚያግዙ መድኃኒቶች አሉ፤ ጨጓራን የሚያሳንስ ቀዶ ጥገናም አለ። ቺካጎ ውስጥ ኩላሊቱንና የጨጓራውን ቀዶ ጥገና በአንድ ማደንዘዣ፣ በአንድ ቀን የሠሩላቸው ታካሚዎችም አሉ። እኔን የሚያሳዝነኝ «ቀንሰሽ ነይ» ብሎ ያለ ምንም እርዳታ ማሰናበት ነው። ሰው እየጠበቀ ዓመታት ያልፋሉ። በእነዚያ ዓመታት ልብና ደም ሥር ይጎዳል።

«ሮቦቱ ራሱ ነው የሚቀድደው»

አይደለም። በብዛት የሚሠራበት ዳቪንቺ የተባለው መሣሪያ ነው። አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘው በ2000 ነበር። ማሽኑ በራሱ ምንም አይወስንም። ሐኪሙ እዚያው ክፍል ውስጥ ከታካሚው ፈንጠር ብሎ ይቀመጣል፤ አጉልቶና ጥልቀቱን ጠብቆ በሚያሳይ መስኮት እያየ መሣሪያዎቹን በእጁ ያዝዛል። የእጁ መንቀጥቀጥ ወደ ውስጥ አይተላለፍም። ከታካሚው ጎን ደግሞ ሌላ ሐኪም ይቆማል። እንደ ፀጉር በቀጠነ ክር ደም ሥር ከደም ሥር የሚሰፋው ሰው ነው። «በማሽን አላስነካም» ላሉት እናቶቻችን ይህን ብትነግሯቸው ይረጋጋሉ።

«ልዩነቱ ጠባሳው ማነሱ ብቻ ነው»

ዋናው ነገር ያለው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

በተለመደው ንቅለ ተከላ የሚቀደደው ከሆድ በታች፣ ወደ ብሽሽት ተጠግቶ ነው። ወፍራም ሰው ላይ ይህ ሆድ የሚታጠፍበት ቦታ ነው። ይሞቃል፣ ያልበዋል፣ ባክቴሪያ ይራባበታል። ከቆዳ እስከ ደም ሥሩ ያለው ስብ ብዙ ስለሆነም ቁርጡ ረጅምና ጥልቅ ይሆናል። በዚያ ላይ ታካሚው ሰውነቱ አዲሱን ኩላሊት እንዳያጠቃው የመከላከያ አቅምን የሚያዳክም መድኃኒት ይጀምራል። እንግዲህ እርጥብ ቦታ፣ ጥልቅ ቁስልና የደከመ መከላከያ አንድ ላይ ተገናኙ ማለት ነው። ቁስሉ መግል ይይዛል፤ አንዳንዴም ተመልሶ ይከፈታል። ለሌላው ሰው የጥቂት ሳምንት ጣጣ የሆነ ኢንፌክሽን፣ ለዚህ ታካሚ የተሰጠውን ኩላሊት ሊያሳጣው ይችላል።

በሮቦት ሲሠራ ቁርጡ ከዚያ ቦታ ይርቃል። ኩላሊቱ የሚገባው ከእምብርት ከፍ ብሎ በመሐል መስመር ላይ በሚቀደድ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ በሆነ ቁርጥ ነው። ለካሜራውና ለመሣሪያዎቹ ትንንሽ ቀዳዳዎች ይበቃሉ። ብሽሽቱ አይነካም።

ይህን አሠራር ለወፍራም ታካሚዎች በ2009 የጀመረው በቺካጎ የሚገኘው የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ነው። ከመሪዎቹ መካከል ጣሊያናውያኑ ሐኪሞች ፒየር ክሪስቶፎሮ ጁሊያኖቲና ኤንሪኮ ቤኔዴቲ ይገኛሉ። በ2013 ውጤታቸውን አሳተሙ። በሮቦት የተሠራላቸውን 28 ሰዎች፣ በተለመደው መንገድ ከተሠራላቸው ሌሎች 28 ወፍራም ታካሚዎች ጋር አወዳደሩ። የቀዶ ጥገናው ቁስል በኢንፌክሽን የተያዘባቸው ከተለመደው ቡድን 8 ሰዎች ነበሩ። ከሮቦቱ ቡድን አንድም አልነበረም። የሮቦቱ ቡድን ደግሞ በአማካይ ይበልጥ ወፍራም ነበር፤ ቢኤምአዩ ከ42 በላይ። ኩላሊቶቹ ከስድስት ወር በኋላ በሁለቱም ወገን እኩል ያህል ይሠሩ ነበር። ጥናቱ ታካሚዎቹን በዕጣ የመደበ አይደለም፤ የተሠሩትን መለስ ብሎ ያየ ነው። ይህን ማወቅ ተገቢ ነው። በ2020 ግን ያው ማዕከል የአሥር ዓመት ልምዱን ይፋ አደረገ። 239 ታካሚዎች ነበሩ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሕይወት የነበሩት 95 በመቶ ናቸው።

«አዲሱ ኩላሊት በአሮጌዎቹ ቦታ ይገባል»

በሮቦትም ሆነ በሌላ መንገድ፣ የራስ ኩላሊቶች በአብዛኛው እዚያው ጀርባ በኩል ይቀራሉ። አዲሱ ታች ዳሌ አካባቢ ይቀመጥና ከዚያ ካሉት ደም ሥሮችና ከሽንት ፊኛ ጋር ይገናኛል።

«በሮቦት ከሆነ ምንም አደጋ የለውም»

ይህኛው የተገላቢጦሽ ስህተት ነው። ማደንዘዣው ያው ሙሉ ማደንዘዣ ነው። ሆድ በጋዝ ይነፋል፣ አልጋው ጭንቅላት ወደ ታች ያዘነብላል። ይህ ለልብና ለሳንባ ይከብዳል። ደም ሥሩን መስፋቱ ጊዜ ስለሚወስድ ኩላሊቱ ሆድ ውስጥ እንዳይሞቅ በበረዶ የማቀዝቀዝ ዘዴዎች ተፈጥረዋል። የዳሌ ደም ሥሮቹ በካልሲየም የደነደኑበት ሰው በአብዛኛው ለዚህ አሠራር አይመረጥም። ማሽኑ ውድ ነው፤ አሠራሩን የለመዱ ቡድኖችም ጥቂት ናቸው። ማሽን ያለው ሆስፒታል ሁሉ ኩላሊት በሮቦት ይተክላል ማለት አይደለም።

«ቁርጡ ትንሽ ከሆነ መድኃኒቱም ያንሳል»

አያንስም። ታክሮሊመስን የመሰሉት የመከላከያ አቅምን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች ኩላሊቱ እስካለ ድረስ በየቀኑ ይወሰዳሉ። ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድም ካለበት የምግብ ፍላጎት ስለሚጨምር የክብደቱ ጉዳይ ከንቅለ ተከላ በኋላም ክትትል ይፈልጋል።

«አገር ቤት ንቅለ ተከላ የለም፤ ውጭ መሄድ ግድ ነው»

ይህንንም ከዘመድ ሰምቻለሁ። በአዲስ አበባ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015፣ ከሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተጀምሯል። ሲጀመር ለጋሾቹ በሕይወት ያሉ ዘመዶች ነበሩ። ስለዚህ ዘመዱ ለመስጠት የተዘጋጀ ሰው ወደ ውጭ ከማሰቡ በፊት እዚያ ይጠይቅ።

አክስቴ በሚቀጥለው ወር ሌላ ማዕከል ትሄዳለች። አሜሪካ ውስጥ ከአንድ በላይ ማዕከል መመርመር ይቻላል። የምትጠይቃቸውን ጥያቄዎች በስልክ ተነጋግረን በአማርኛም በእንግሊዝኛም ወረቀት ላይ ጽፈናል። የቢኤምአይ መስመራችሁ ስንት ነው? በሮቦት ስንት ወፍራም ታካሚ ሠርታችኋል? ከእነሱ ስንቶቹ ቁስላቸው መረቀዘ? የዳሌ ደም ሥሬን በሲቲ ስካን ታዩልኛላችሁ? ቀንሺ ካላችሁኝስ ማን ይረዳኛል? ወንድሟም አብሯት ይሄዳል።