የመገጣጠሚያ ሕመም ዓይነቶችና ሕክምናው በጅማ

ጅማ ላይ ጉልበቱን ያመመው ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ብርዱን ነው። ዝናቡ ይበዛል፣ እርጥበቱ አይጠፋም፤ ክሱም እውነት ይመስላል። ቅዝቃዜ ስቃዩን ያባብሰው ይሆናል እንጂ በሽታውን አያመጣም። ሰው «ቁርጥማት» ብሎ የሚያልፈው ነገር ውስጥ መነሻቸውም መድኃኒታቸውም የተለያየ ብዙ በሽታዎች አሉ። ሐኪም ገና ሳይመረምር የትኛው መገጣጠሚያ ነው፣ መቼ ይብስዎታል፣ ከጀመረዎት ስንት ጊዜ ሆነው ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው።

በብዛት የሚታየው ኦስቲዮአርትራይተስ ነው። የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ልስልስ ካርቲሌጅ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ዕድሜ፣ ውፍረት፣ ድሮ የደረሰ ጉዳትና የቤተሰብ ዝርያ ያመጡታል። ከዝቅተኛዋ ባለሦስት እግር የጅማ በርጩማ ሲነሳ እጁን ጉልበቱ ላይ ተደግፎ «እህ» የሚል ሰው አይታችኋል? ብዙ ጊዜ ያለበት ይህ በሽታ ነው። ከጅሬን ቁልቁለት መውረድ ከመውጣቱ ይልቅ ያመዋል። ጠዋት ይደርቃል፣ ግን ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይፈታል። ሲሠራ ይብሳል፣ ሲያርፍ ይሻላል።

ሩማቶይድ አርትራይተስ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ያጠቃል። ሴቶች ላይ ይበዛል። የሁለቱም እጆች ጣቶችና አንጓዎች አንድ ላይ ያብጣሉ፤ ጠዋት ከ60 ደቂቃ በላይ እጅ አልታዘዝ ይላል። ጀበና አንስቶ ቡና መቅዳት እንኳ ይከብዳል። እዚህ ላይ መዘግየት ዋጋ ያስከፍላል፤ የተበላ መገጣጠሚያ በመድኃኒት አይመለስም። ዋናው መድኃኒት ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት 1 ቀን ብቻ ነው። በየቀኑ የዋጠ ሰው ሕይወቱን አደጋ ላይ ይጥላል።

ትክክለኛው ሪህ ደግሞ በአብዛኛው ሌሊት ይመጣል። የእግር አውራ ጣት ይቀላል፣ ይግላል፣ አንሶላ ሲነካው ያስጮኻል። ምክንያቱ ደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ፣ ማለትም ሰውነት በኩላሊት የሚያስወግደው ቆሻሻ ነው። ጥሬ ሥጋው፣ ዱለቱና ቢራው ስማቸው ሁሌ ይነሳል፤ ኩላሊት፣ ዝርያና አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒቶች ግን እኩል ሊወቀሱ ይገባል።

ጊዜ የማይሰጠው የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ነው። አንድ መገጣጠሚያ በድንገት አብጦ ከጋለና ትኩሳት ካለ፣ ወይም ሕፃን እግሩን አልረግጥም ካለ፣ ያኔውኑ ሆስፒታል ነው። ቅባት መቀባት፣ ማሸት፣ ወጌሻ ዘንድ መውሰድ እዚህ ቦታ የለውም። ያልፈላ ወተት የሚያመጣው ብሩሴሎሲስም፣ ቲቢም መገጣጠሚያ ውስጥ ይገባሉ። ከ5 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ጉሮሮውን ታሞ ከቆየ በኋላ ሕመሙ ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት ከዘለለ የሩማቲክ ትኩሳት ይጠረጠራል። መገጣጠሚያው ይድናል፤ የልብ በሮች ግን ተጎድተው ሊቀሩ ይችላሉ።

ሕክምናው የሚጀምረው ከጤና ጣቢያ ነው። ከዚያ ሸነን ጊቤ ሆስፒታል አለ፤ ከበድ ያለው ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ይላካል። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተጀመረው ይህ ሆስፒታል ዛሬ ለደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ዋናው የማስተማሪያና የሪፈራል ተቋም ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ሰው የሪፈር ወረቀቱን ሳይዝ ባይሄድ ይሻላል።

ብዙ ሰው ግን በቀጥታ «የአጥንት ሐኪም አገናኙኝ» ይላል። የአጥንት ሐኪም በተለይ የሚያስፈልገው ለስብራት፣ ለተጣመመና በጣም ለተበላ መገጣጠሚያ፣ መግል ለቋጠረም ነው። ሩማቶይድና ሪህ በአብዛኛው የውስጥ ደዌ ሐኪም ሥራ ናቸው። የጉልበት ራጅ ቆመው ቢነሱት የተሻለ ያሳያል፤ ተኝተው ሲነሱት የጠበበው ክፍተት ሊደበቅ ይችላል። ሪህና ኢንፌክሽንን ለመለየት ከራጅ ይልቅ ከመገጣጠሚያው በመርፌ የሚቀዳው ፈሳሽ ይረዳል። መርፌውን ብዙ ሰው ይፈራል፤ ሥራው ግን ጥቂት ደቂቃ ነው።

ስለ ማስታገሻ አንድ ነገር ልበል። ሲያም ብቻ ፋርማሲ ጎራ ብሎ ዲክሎፌናክ መወጋት ልማድ ሆኗል። ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ግፊት ላለበት ሰውማ ይብሳል። ስሙ ያልተጻፈበት «እብጠት አጥፊ» ክኒን ደግሞ ፕሬድኒሶሎን የተባለው ስቴሮይድ ሊሆን ይችላል፤ ለጊዜው ተአምር ይሠራል፣ ውሎ አድሮ ስኳርና የአጥንት መሳሳት ያመጣል።

ለተበላ ጉልበት ከሁሉ የሚቀድመው የጭን ጡንቻን ማጠንከርና ክብደት መቀነስ ነው። 1 ኪሎ የቀነሰ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ ከጉልበቱ 4 ኪሎ ያህል ጫና ያወርዳል። ይህ ሁሉ ተሞክሮ እንቅልፍ የሚነሳ ሕመም ከቀረ የመገጣጠሚያ ቅየራ ይታሰባል። ሰው ሠራሽ ጉልበት በአብዛኛው ከ15 እስከ 20 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ያገለግላል። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ፊዚዮቴራፒው ለወራት ይቀጥላል፤ ቁጢጥ ማለት ስለሚያስቸግርም ቤት ውስጥ ተቀምጠው የሚጠቀሙበት ሽንት ቤት ቀድሞ ማዘጋጀት ነው።