መሲሕ፦ ከዘይት ቀንድ እስከ ሐዋሳ ገብርኤል

መሲሕ ከዕብራይስጥ የመጣ ማዕረግ ነው። በዘይት ተቀብቶ ለሹመት የተለየን ሰው ያመለክታል። በግሪክኛ «ክርስቶስ»፣ በግእዝ «ቅቡዕ» ይባላል። ክርስቲያኖች ማዕረጉን ለኢየሱስ ብቻ ስለሰጡት ከጊዜ ብዛት ክርስቶስ የተጸውዖ ስም መሰለ። በሐዋሳ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በየቀኑ ሲጠራም የሚሰማው እንደ ስም ነው። ሹመት የነበረበትን ዘመን ለማግኘት ወደ ጥንቱ እስራኤል መመለስ ያስፈልጋል።

በብሉይ ኪዳን መቀባት የሥርዓት ጉዳይ ነበር። አሮንና ልጆቹ ለክህነት ተቀብተዋል። ሳሙኤል ሳኦልን፣ ኋላም በእሴይ ቤት ብላቴናውን ዳዊትን ለንግሥና ቀብቷል፤ ለዳዊት የፈሰሰው ዘይት በቀንድ የተያዘ ነበር። ኤልያስም ኤልሳዕን በእሱ ፈንታ ነቢይ አድርጎ እንዲቀባ ታዟል። የተቀባ ሰው አይነካም። ሳኦል ሲያሳድደው የኖረው ዳዊት በዋሻ ውስጥ አግኝቶት የልብሱን ጫፍ ብቻ ቆርጦ የተወው፣ እግዚአብሔር በቀባው ላይ እጄን አላነሣም ብሎ ነው። ከሁሉ የሚገርመው ግን የኢሳይያስ ምዕራፍ 45 ነው፤ እዚያ ቅቡዕ የተባለው ባቢሎንን የያዘው የፋርሱ ንጉሥ ቂሮስ ነው። እስራኤላዊ አይደለም፣ የእስራኤልንም አምላክ አያውቅም። ማዕረጉ በመጀመሪያ ለአንድ ሰው ብቻ የተቆረጠ እንዳልነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

ነገሩ የተለወጠው ዙፋኑ ሲወድቅ ነው። እግዚአብሔር በነቢዩ ናታን በኩል ለዳዊት ዙፋንህ ለዘላለም ይጸናል ብሎ ቃል ገብቶለት ነበር። ባቢሎናውያን እ.ኤ.አ. በ586 ዓ.ዓ. ኢየሩሳሌምን ሲያፈርሱ ግን ከዳዊት ዘር የሚነግሥ ጠፋ። ቃል ኪዳኑ ስላልታጠፈ ተስፋው ወደፊት ተሻገረ፤ ትናንት በዙፋን ላይ የነበረው ቅቡዕ ነገ የሚመጣ ሆነ። የሮማው ጦር አዛዥ ፖምፔይ እ.ኤ.አ. በ63 ዓ.ዓ. ኢየሩሳሌም ከገባ በኋላ ባዕዳንን የሚያባርር የዳዊት ልጅ መናፈቅ በረታ። ሆኖም ሁሉም አይሁዳዊ አንድ ዓይነት መሲሕ አልጠበቀም። በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን የኖሩት ሰዎች አንድ ካህን፣ አንድ ንጉሥ፣ በጠቅላላው ሁለት ቅቡዓን ይጠብቁ ነበር።

እዚህ ላይ የእኛው መጽሐፍ ይገባል። ሙሉው መጽሐፈ ሄኖክ የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው፤ በተለይ «ምሳሌዎች» የሚባለው ክፍል በሌላ ጥንታዊ ቋንቋ እስካሁን አልተገኘም። በዚያ ክፍል የምድር ነገሥታት የመናፍስትን ጌታና መሲሑን ስለካዱ ይወድቃሉ። መሲሕ፣ የሰው ልጅና ኅሩይ (የተመረጠ) የሚሉት መጠሪያዎችም ከዓለም መፈጠር በፊት ለተሰወረ ለአንድ አካል ይሰጣሉ። ስለ ማዕረጉ አመጣጥ የሚመራመሩ የውጭ ሊቃውንት ግእዝ ለመማር የሚገደዱበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል የሚጎርፈው ምእመን የሚያከብረው ሠለስቱ ደቂቅ ከባቢሎን እሳት የዳኑበትን ቀን ነው። መልአኩ ከመሲሕ ጋር ያለው ጉዳይ በዚያ በዓል ብዙም አይነሣም። በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 9 ስለሚመጣውና ስለሚገደለው ቅቡዕ ለነቢዩ የነገረው ግን ገብርኤል ነው። በሉቃስ ምዕራፍ 1 የሚወለደው ሕፃን የዳዊትን ዙፋን እንደሚወርስ ለማርያም ያበሠራትም እሱው ነው።

ኢየሱስ ራሱ ማዕረጉን ሲጠቀምበት ጥንቃቄ ይታይበታል። በማርቆስ ምዕራፍ 8 በፊልጶስ ቂሣርያ መንደሮች ጴጥሮስ «አንተ ክርስቶስ ነህ» ሲለው ለማንም እንዳይናገሩ አዘዘ፤ ወዲያውም ስለ መከራውና ስለ ሞቱ ማስተማር ጀመረ። ሕዝቡ የሚፈልገው ሮማን የሚያባርር ንጉሥ ነበርና ያልታሰበበት እልልታ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ከስድስት ቀን በኋላ ወደ ከፍተኛ ተራራ ወጥቶ መልኩ ተለወጠ። ወንጌላውያን የተራራውን ስም አይጠሩም፤ ትውፊት ግን ታቦር ይለዋል፤ ነሐሴ 13 የሚከበረው በዓልም በዚሁ ስም ይጠራል። ከሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ያለው ኮረብታ ስሙ ታቦር ስለሆነ ታሪኩ ለከተማው ሰው ሩቅ አይደለም።

በመስቀሉ ላይ የተለጠፈው ክስ «የአይሁድ ንጉሥ» ይል ነበር። የተሰቀለ መሲሕ ለአብዛኛው አይሁዳዊ የማይዋጥ ነገር ነበር፤ ጳውሎስም ለአይሁድ ማሰናከያ እንደሆነ ሳይሸሽግ ጽፏል። ሐዋርያት ግን ከትንሣኤው ተነሥተው ማዕረጉን ከሥሩ አዞሩት፤ ድሉ በሮማ ላይ ሳይሆን በሞት ላይ ነው አሉ። አማኞች ክርስቲያን ተብለው መጀመሪያ የተጠሩት በአንጾኪያ ነው። አይሁድ በበኩላቸው ሌላ መሲሕ መጠበቃቸውን አልተዉም፤ እ.ኤ.አ. ከ132 እስከ 135 ዓ.ም. በሮማ ላይ ያመፀውን ባር ኮክባን ታላቁ ረቢ አቂባ መሲሕ ብሎታል።

በኢትዮጵያ የመቀባት ነገር አገር ከፍሏል። ጥያቄው ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ይነሣል፤ እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ ቀባው ይላል። አምላክ ከሆነ መቀባት ለምን አስፈለገው? በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን ከተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ጋር በተደረገው ክርክር የተቀሰቀሰው ጉዳይ ኋላ በገዳማቱ መካከል ተፋፋመ። ተዋሕዶዎች የክርስቶስ ሥጋ የከበረው ከመለኮት ጋር በመዋሐዱ ነው አሉ። በጎጃም የበረቱት ቅባቶች በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው አሉ። ጸጋዎች ደግሞ መቀባቱን ከአብና ከማርያም ከተወለዳቸው ሁለት ልደቶች ቀጥሎ ሦስተኛ ልደት አድርገው ቆጠሩት። ክርክሩ በቤተ ክርስቲያን ቅጽር የታጠረ አልነበረም፤ የንጉሡን መንበርና የአውራጃዎችን ወገንተኝነት ይነካ ነበር። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በወሎ ቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰብስበው ለተዋሕዶ ፈረዱ፤ ምኒልክም በቦታው ነበሩ። ነገሥታቱ ራሳቸው በዘውድ በዓል የሚቀቡ፣ «ሥዩመ እግዚአብሔር» የሚባሉ ስለነበሩ ስለ ቅብዐት መፍረዳቸው የሚያስደንቅ አይደለም።

የዛሬዋ ሐዋሳ የኦርቶዶክስ፣ የወንጌላውያንና የካቶሊክ ምእመናን እንዲሁም ሙስሊሞች አብረው የሚኖሩባት የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ ናት። በኦርቶዶክሱ ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ ወዲያው ሜሮን ይቀባሉ፤ ሕፃኑ የክርስቶስን ስም የሚካፈለው በዚያ ዘይት ጭምር ነው። መካነ ኢየሱስን፣ ቃለ ሕይወትንና ሙሉ ወንጌልን በመሳሰሉት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ትኩረቱ ወደ ግል ምስክርነት ያዘነብላል፦ ኢየሱስ የእኔ መሲሕ ነው ወይ? በጴንጤዎቹ አነጋገር ደግሞ «ቅባት ያለው አገልጋይ» ማለት የተለመደ ነው፤ ዘይቱ በመንፈስ ቅዱስ ኃይል ተተክቶ አጠቃቀሙ ነቢያትና ካህናት ይቀቡ ወደነበረበት ወደ ብሉይ ኪዳን የተመለሰ ይመስላል። ሙስሊሙም ማዕረጉን ያውቀዋል፤ ቁርአን ዒሳን አል-መሲሕ ይለዋል፣ የአላህ ልጅ መባሉን ግን አይቀበልም።